የማንወርሰውን አፈር ስለ ማዘጋጀት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ በደጋው አገራችን ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አፈሩ ይመልሳል፤ ዝናቡ ቀርቶ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ወራት ለጎመን፥ ለካሮት፥ ለቀይ ሥር፥ ለሰላጣና ለሽንኩርት የተመቸ ነውና። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎች የምንቈፍረው ጓሮ የራሳችን አይደለም። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ለፋሲካ በዚያው ስለ መገኘታችንም እርግጠኞች አይደለንም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ነገ ትተነው የምንሄደውን አፈር ልናበለጽገው ይገባናልን? ወይስ የዘንድሮውን ጎመን ቈርጠን ብንሄድ ይበቃናል?

ጥያቄው ከንቱ እንዳይመስል፥ የጓሮ ሥራ ሁለት ዓይነት መሆኑን እንመልከት። አንደኛው ዋጋውን በዚያው ወቅት የሚከፍል ነው። ውኃ የሚቋጥረውን ጥቁር አፈር ከፍ ባለ መደብ ማበጀትና በመካከሉ ቦይ ማውጣት፤ የጥቅል ጎመንን ዘር በችግኝ መደብ ዘርቶ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ማዛወር፤ የካሮትን ዘር ግን ሥሩ መነካትን ስለማይወድ በቦታው መዝራት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት ለጋውን ችግኝ በሣር መሸፈን፤ ይህ ሁሉ የሠራው ሰው ራሱ ፍሬውን የሚበላው ድካም ነው።

ሁለተኛው ድካም ግን ቀስ ብሎ የሚከፍል ነው። ይኸውም የከብት ፍግን፥ ቅጠልንና የወጥ ቤት ጥራጊን ከምሮ፥ ወራት ጠብቆ ካበሰበሱ በኋላ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ኃይሉን በአንድ ወቅት ጨርሶ አይሰጥም፤ ከፊሉ ለሚመጣው ዓመትና ከዚያም በኋላ ላለው ይቀራል። ጎመን በነበረበት መደብ ባቄላን ወይም አተርን ማፈራረቅም እንዲሁ ነው፤ በሥራቸው ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ከአየር ናይትሮጅንን ይስባሉና፥ ሥሩ በአፈሩ ውስጥ ሲበሰብስ ከዚያ የሚተርፈው ለተከታዩ አዝመራ ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመን ሰው ቃል ቀላል አይደለም። «ፍጉን ኩበት አድርጌ ብሸጠው ለልጆቼ እራት ይሆናል፤ ጓሮውን ባሳምረው ደግሞ ባለቤቱ ኪራይ ይጨምርብኛል፤ ስለ ምን የሌላውን ሰው መሬት አወፍራለሁ?» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስስታም ብለን ልንነቅፈው አንደፍርም። ልጆቹን መመገብ የመጀመሪያ ግዴታው ነውና፤ የድሀን ድካም በነጻ የሚወስድ ባለቤትም በእርግጥ ይበድላል።

ሆኖም ይህ ክርክር አንድ ነገር ይረሳል፤ ይኸውም አፈሩን እኛ እንዳልሠራነው ነው። ድንጋይ እየፈረሰ፥ ቅጠልና ሥር እየበሰበሰ፥ ትል እየቈፈረ፥ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎችም እየኰተኰቱ ያቈዩት ነው። ለእነዚያ ሰዎች ብድራቸውን እንመልስ ብንል አናገኛቸውም። ወደ ኋላ ሊከፈል የማይችል ዕዳ ወደ ፊት ካልተከፈለ ፈጽሞ ሳይከፈል ይቀራል። ደግሞም ባለቤት የምንለው ሰው ራሱ በአፈሩ ላይ ያለው መብት የተወሰነ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቶታል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 25 ርስት የተሰጣቸውን ሰዎች እንኳ በምድሪቱ ላይ እንደ እንግዳ ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ በአፈር ፊት ተከራይና አከራይ የሚለያዩት በቈይታቸው ርዝመት ነው፤ ሁለቱም ትተውት ይሄዳሉ።

ታዲያ ግዴታችን እስከ ምን ድረስ ነው? ሁለት ነገር መለየት ይገባል። ያገኘነውን አፈር አክስቶ አለመተው ግዴታ ነው፤ ከነበረው አሻሽሎ መተው ግን ስጦታ ነው። ግዴታውን ለመፈጸም ገንዘብ አያስፈልግም። የጎመኑን አገዳ፥ የድንቹን ልጣጭ፥ ዘር ሳይቋጥር የተነቀለውን አረም ከመጣል ይልቅ ወደ አፈሩ መመለስ፥ ጐርፍም አፈሩን እንዳይወስደው መደቡን ተዳፋቱን አቋርጦ ማበጀት ይበቃል። ፍጉን ለማገዶ ያነደደ ችግረኛ አይፈረድበትም፤ እርሱም ቢሆን አመዱን በስሱ ሊበትን ይችላል። አቅም ያለው ግን ስጦታውን ይጨምር።

አከራይም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ የዘራውን ተከራይ አዝመራውን ሳይሰበስብ ሊያስወጣው አይገባም። በየወሩ ውጣ የሚባል ሰው ለዓመት የሚሆን ፍግ ከምሮ እንዲጠብቅ መጠየቅ አይቻልምና፥ የአፈሩ ክሳት ከተከራዩ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ከአከራዩ ጭካኔም ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ወራት ዶማችንን ስናነሣ፥ ይህን ጓሮ ማን ይወርሰዋል ከማለታችን አስቀድመን ከማን ተቀበልነው ብለን እንጠይቅ። ከእኛ በኋላ ያን ደጅ የሚከፍት ሰው ስማችንን አያውቅም፤ ነገር ግን ጎመኑን ሊተክል ሲነሣ ዶማው ያለ ችግር ይገባለታል።