ዘርና ስም

ሰው አላፊ መሆኑን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ፥ ከራሱ በኋላ የሚቀር ነገር ለመተው ሲደክም ኖሯል። አንዱ ሐውልት ያቆማል፤ ሁለተኛው ርስትና ገንዘብ ያደላድላል፤ ሦስተኛውም በልጆቹ ይመካል። በአገራችንም ለአንድ ሰው ከሚሰጡት ምስጋናዎች ትልቁ፥ ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ተከለ መባሉ ነው። እኛ ግን ልንጠይቅ የምንፈልገው፥ ለትውልድ የሚተላለፈው ቅርስ በእውነት ስሙ ነውን? ወይስ ስም ቢጠፋም ሊኖር የሚችል ሌላ ነገር አለ? የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቋንቋችን ራሱ መንገድ ይመራናል። ዘር ስንል ከሰው የሚወለደውን ትውልድ ማለታችን ነው፤ ደግሞም ገበሬው ለመጪው ክረምት ከጎታው ለይቶ የሚያስቀምጠውን እህል ማለታችን ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ኋለኛው ጥቂት እንናገር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴ፥ የገብስና የሌላም አዝርዕት ዘር ሰበሰበ። ያየው የእህል ዓይነት ብዛት ስላስደነቀውም አገራችንን የዓለም አዝርዕት ከተገኙባቸው ዋና ዋና ምንጮች እንደ አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ይህ ብዛት ግን እንዲሁ በዱር የበቀለ አይደለም። በየመኸሩ መልካሙን ዛላ እየመረጡ፥ ለደጋው የደጋውን፥ ለቆላው የቆላውን እየለዩ ያቆዩት ገበሬዎችና እናቶች ናቸው። ከነዚህ የአንዱንም ስም አናውቅም። ሆኖም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘው በሽታን የመቋቋም ጠባይ፥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚዘራውን ገብስ አቀጭጮ ከሚያበጫው በሽታ ለመጠበቅ አገልግሏል።

ቫቪሎቭ ራሱ በ1940 ታሰረ፤ ራብን ከዓለም ለማጥፋት የደከመው ሰው በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በራብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ዘሩ የተከማቸባት የሌኒንግራድ ከተማም ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር ተከባ 900 ቀን ያህል ስትጨነቅ፥ የተቋሙ ሠራተኞች እህሉን ሳይነኩ ጠበቁ። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሩዙ በእጁ ሳለ በራብ ሞተ፤ ሌሎች ባልደረቦቹም ተከተሉት።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሕያው ሰው እየተራበ ላልተወለደው ሰው እህል መጠበቅ ጽድቅ ነውን ወይስ ጭካኔ? ለዚህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት በራሱ ላይ የሚፈርድንና በሌላው ላይ የሚፈርድን ሰው መለየት ይገባናል። እነዚያ ጠባቂዎች የጾሙት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ሌላውን ጹም ብሎ ለመጪው ትውልድ አከማቻለሁ የሚል ግን ቀማኛ እንጂ አውራሽ አይባልም። ልጆቿ በፊቷ የሚያለቅሱባት እናት የዘሩን ጎታ ብትከፍት ማን ይወቅሳታል? በ1984ና በ1985 በአገራችን በደረሰው ራብ ብዙ ገበሬዎች ዘራቸውን በልተዋል። ጥፋቱም የነርሱ ሳይሆን፥ ክፉ ቀን ሳይመጣ መጠባበቂያ ያላዘጋጀው ነው። ስለዚህ ዘር መጠበቅ በአንዲት ጎጆ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። በአዲስ አበባ በ1976 ተቋቁሞ ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት የመሩት የዘር ማዕከል፥ የገበሬውን ዘር ሰብስቦ ማቆየቱና ወደ ማሳው እንዲመለስ መድከሙ የሚመሰገነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ስም ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ያቆዩልንን ሰዎች መርሳት ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ስም ወራሹ የሚከፍለው ዕዳ ነው እንጂ አውራሹ የሚሰበስበው ትርፍ አይደለም። ስሙን አስቀድሞ የሚሻ ሰው ሥራው ከርሱ እንዳይለይ ይሠጋል፤ ሌላ እጅ እንዳይነካውም ይከለክላል። ዘር የሚያወርስ ሰው ግን ወራሹ በራሱ ማሳ፥ በራሱ ዝናም እንደሚዘራው፥ መርጦም እንደሚለውጠው አውቆ ይሰጣል። ሐውልት ከተነካ ይፈርሳል፤ ዘር ካልተነካ ይነቅዛል።

ይህም ነገር ለገበሬ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። የሚያውቀውን ሥራ ለተተኪው ሳያስተምር ወንበሩን የሚለቅ ሹም፥ ተማሪው እንዳይበልጠው የሚሠሥት መምህር፥ ለፈተና አጥንቶ ዕውቀቱን ወደ መንደሩ የማይመልስ ተማሪ፥ ሦስቱም ጎታቸውን ቆልፈው የሚሄዱ ናቸው። በኛ እጅ ያለው ሁሉ ስማቸውን ከማናውቃቸው ሰዎች የመጣ ነውና፥ ስማችንን ለማያውቁት ማስተላለፍ ልግስና ሳይሆን የተበደርነውን መመለስ ነው።