ስለ ተማሪ ቤት ሥርዓትና ስለ ልጆች ጸጋ

ሥርዓት የሌለው ቤት አጥር እንደሌለው አትክልት ነው፤ ያለፈው ያገደመው ሁሉ ይገባበታል፤ የገባበትም ሁሉ ይረግጠዋል። ነገር ግን አጥር የሚታጠረው ስለ ተክሉ ነው እንጂ ተክሉ ስለ አጥሩ አይተከልም። አጥሩን አቀናለሁ ሲል ተክሉን የሚቈርጥ አትክልተኛ ቢገኝ የሁላችንም መሳቂያ ይሆናል። ይህ በአትክልት ላይ ሲሆን በግልጽ የሚታየን ነገር በልጆች አስተዳደግ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሰወርብናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ አንሥተን ከክቡራን አንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው አሰብን። ጥያቄውም፥ ተማሪ ቤት ስለ ልጆች ልብስ፣ ስለ ፀጉራቸውና ስለ ጌጣቸው የሚያወጣው ደንብ፣ እግዚአብሔር በልጅ ላይ ካሳደረው የፈጠራ ጸጋ ጋር በተጋጨ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል? የሚል ነው።

ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን በመንጌ ያጋጠመን ነገር ነው። መንጌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ በስተ ሰሜን የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ከሕዝቧም የሚበዛው የበርታ ብሔረሰብ ሲሆን የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። ለአገልግሎት ወደ አሶሳ በወረድንበት ጊዜ ወደዚያ አቅንተን፣ በገበያ ቀን ከአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ሳለን፣ አንድ የአገሩ ሰው ቀርቦ ሰላምታ ሰጠን። ከዚያም «አባ፣ እርስዎ የመጽሐፍ ሰው ነዎት። ሃይማኖታችን ቢለያይም ልጅ የማያሳድግ ሃይማኖት የለምና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። በዚያ አገር ለሠርግና ለበዓል የሴቶች እጅና እግር በሒና ይጌጣል፤ በደጋው አገር እናቶቻችን በእንሶስላ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ከአክስቷ ተምራ አክስቷን በለጠቻት። የተለመደውን ሐረግ ብቻ የምትደግም አይደለችም፤ የሽመሉን ቅጠል፣ የማንጎውን ፍሬ፣ ዓይኗ ያየውን ሁሉ በእጅ ላይ ትሥላለች። የታላቅ እኅቷ ሠርግ በደረሰ ጊዜ ሙሽራይቱንና ባልንጀሮቿን አስጊጣ ከጨረሰች በኋላ፣ በራሷ ግራ መዳፍ ላይ በተማሪ ቤት የተማረችውን የወንዞች ካርታ ሣለች፤ ዓባይ በመካከል ሲወርድ፣ ዳቡስና በለስ ከግራና ከቀኝ ሲገቡበት። ሰኞ ጧት ተማሪዎች በሰንደቅ ዓላማው ፊት ሲሰለፉ መምህሩ እጇን አየ። በተማሪ ቤቱ ደንብ እጅንና ጥፍርን ማቅለም ክልክል ነበርና፣ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ወደ ቤቷ እንድትሄድ አዘዛት።

ሒና ግን በውኃ ታጥቦ የሚወጣ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ያህል በቆዳ ላይ ይቈያል። በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ ጓደኞቿ ፈተና ተፈተኑ፤ እርሷ ግን በቤት ቀረች። አባቷም «ቀለሙ ከእጇ ለቀቀ፤ ኀፍረቱ ግን ከልቧ አልለቀቀም። አሁን ሂጂ ስላት አልሄድም ትላለች። ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?» ሲል ጠየቀን። የተማሪ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ፈጥነን ለመመለስ አልቻልንም፤ የገዛ ራሳችን በደል ትዝ አለን። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የቅኔ ጉባኤ የመምህሩ ረዳት ሆነን ሳለን፣ አንድ ታናሽ ተማሪ የልመና አኮፋዳውን በቀለም በተነከረ ሣር ሐረግ ሠርቶበት መጣ። እኛም «ለቆሎ ተማሪ ጌጥ ምኑ ነው?» ብለን በጓደኞቹ ፊት ዘለፍነው፤ አኮፋዳውንም ነጠቅነው። ልጁ በሌሊት ወጥቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ደረሰም እስከ ዛሬ አላወቅንም። ትሕትናን ያስተማርነው መስሎን ነበር፤ ያስተማርነው ግን ከትምህርት መሸሽን ነው።

እንግዲህ ነገሩን በሁለት ወገን እንመልከተው። አስቀድመን ለደንቡ እንናገርለት። የደንብ ልብስ፣ ዩኒፎርም የሚባለው፣ ድኃውንና ባለጸጋውን በአንድ ወንበር ላይ ያስተካክላል። የተቀደደ ቀሚስ ያላት ልጅ ከባልንጀራዋ አዲስ ቀሚስ አጠገብ ስትቀመጥ ዓይኗ ከሰሌዳው ይልቅ ወደ ቀሚሱ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ተማሪ ቤቶች ልጆች የደንብ ልብስ በነፃ ማደሉ ይህንኑ ኀፍረት ለማራቅ የሚረዳ መልካም ሥራ ነው። የእኛም የአብነት ትምህርት ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የባላባት ልጅም ሆነ የገባር ልጅ ያንኑ ደበሎ ለብሶ፣ ያንኑ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «ስለ እመቤታችን» እያለ ይለምን ነበር። ስለዚህ «ልጅን ልብሱን ለምን ታዝዙታላችሁ?» ብሎ ሥርዓትን ፈጽሞ የሚነቅፍ ሰው ጥቅሙን አልተረዳም።

ነገር ግን በሁለተኛው ወገን ያለውን እንይ። በኦሪት ዘፀአት እግዚአብሔር ለካህናቱ የሚለብሱትን ልብስ ከቀሚሱ እስከ መታጠቂያው፣ ከቀለሙ እስከ ዘርፉ ዘርዝሮ አዘዘ። ይህ ሥርዓት ነው። ያው መጽሐፍ ደግሞ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራውና በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንቍና በእንጨት አዲስ ሥራን ያስብ ዘንድ መንፈሱን እንደ ሞላበት ይነግረናል። ልብሱን በልክ የወሰነ አምላክ የጠቢቡን አሳብ አልወሰነበትም። እንግዲያስ ሥርዓትና ፈጠራ ከአንድ አምላክ የወጡ ናቸውና ጠላቶች አይደሉም፤ ጠላቶች የምናደርጋቸው እኛ ነን።

የቅኔ ቤታችንም የዚህ ምስክር ነው። ተማሪዎቹ በደበሎ አንድ ናቸው፤ በቅኔ ግን አንዱ ሌላውን መምሰል አልተፈቀደለትም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ተማሪው የሚቈጥረው ቅኔ የራሱ አዲስ ቅኔ መሆን አለበት፤ የትናንቱን የደገመ፣ የባልንጀራውን የወሰደ ያፍራል። አባቶቻችን በልብስ ያስተካከሉትን ልጅ በአሳብ እንዲለይ ግድ አሉት፤ አንዱን በር ሲዘጉ ሰፊውን በር ከፈቱለት። የዛሬውን ተማሪ ቤት የምንጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ልጅቱን «በእጅሽ ላይ አትሣዪ» ካላችኋት፣ የት እንድትሥል ፈቀዳችሁላት? ወረቀት ሰጣችኋት? ግድግዳ አሳያችኋት? ወይስ ክልከላው ብቻ ተነገራት? ጌጥን ከልክሎ ለጸጋ ሌላ ስፍራ የማይሰጥ ቤት፣ ደበሎውን አልብሶ ቅኔውን እንዳስቀረ ጉባኤ ይቈጠራል።

የፍልስጥኤሙን ጎልያድ ሊገጥም የወጣውን ብላቴና ዳዊትንም እናስብ። ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው፤ ይህንም ያደረገው ለክፋት ሳይሆን ሊጠብቀው ወዶ ነው። ዳዊት ግን በዚያ ልብስ መራመድ ስላልለመደ አወለቀው፤ የለመደውን ወንጭፉን ይዞ ወረደ። ሳኦልን በብዙ ነገር የምንነቅፈው ቢሆንም በዚህ ግን ልናመሰግነው ይገባል፤ «ልብሴን ካልለበስህ አትወጣም» አላለውምና።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ በፕሪቶርያ ከተማ በአንድ የልጃገረዶች ተማሪ ቤት፣ ጥቁሮች ተማሪዎች በተፈጥሮ ፀጉራቸው ምክንያት እንወቀሳለን ብለው ተቃውሞ አስነሡ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በጋና በአክራ ከተማ ሁለት ወጣቶች ፀጉራቸውን ስላልተቈረጡ ወደ ተማሪ ቤት እንዳይገቡ ተከልክለው፣ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ፀጉራቸውን የማይላጩ ባሕታውያን በየገዳሞቻችን ያሉን እኛ፣ የሳምሶንንም ታሪክ የምናነብ እኛ፣ የፀጉር ርዝመት የልብ ክፋት ምልክት አለመሆኑን ከሌላው ይልቅ ልናውቅ ይገባናል። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በተማሪ ቤቶች ሙስሊም ልጃገረዶች ስለ ራስ መሸፈኛቸው ከትምህርት ገበታ ርቀው ሰንብተዋል፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ነጠላ ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ደስ የሚለን ሁሉ፣ የጎረቤታችን ልጅ በሃይማኖቷ ምክንያት ብትከናነብ ከመጽሐፏ ልትለይ ይገባታል ለማለት ምን አፍ ይኖረናል?

«እንግዲያስ ሁሉም ይፈቀድ ማለታችሁ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ነገርን ከነገር መለየት ያስፈልጋል። በሀብት ለመታበይ የሚደረግ ጌጥ አለ፤ ይህ ባልንጀራን ስለሚያሳዝን በምክር ይገታ። ሌላውን የሚሰድብና የሚያስነውር ጽሑፍና ሥዕል አለ፤ ይህም ይከልከል። ሃይማኖት ያዘዘው፣ ተፈጥሮ የሰጠው፣ የአባቶችም ልማድ ያወረሰው ግን ከእነዚህ ጋር አይቈጠርም። ከእጅ ጥበብ የሚወጣውም ፈጠራ እንዲሁ ስፍራው ይታይለታል እንጂ እንደ ወንጀል አይቈጠርም። ከሁሉም በላይ፣ ደንቡ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ቅጣቱ ትምህርትን መከልከል ሊሆን አይገባውም። የታመመን ሰው «ልብስህ አላማረም» ብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚመልስ ሐኪም ምን ይባላል? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነትም በ28ኛው አንቀጽ የተማሪ ቤት ሥነ ሥርዓት ከሕፃኑ ሰብአዊ ክብር ጋር የተስማማ እንዲሆን ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በሚመለከት ነገር ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ደንግጓል። ጌታችን ሰንበት ስለ ሰው እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አለመፈጠሩን ባስተማረ ጊዜ፣ ለደንብ ሁሉ መለኪያውን ሰጥቶናል።

ወደ መንጌው ሰው ነገር እንመለስ። «አታስገድዳት፤ አትተዋትም። አስቀድመን መምህሩን እንጠይቀው» ብለነው አብረን ሄድን። መምህሩ ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። «አባታችን፣ ከከተማ የጥፍር ቀለም እየገዙ የሚመጡ ልጆች ነበሩ፤ መግዛት ያልቻሉት ሲያለቅሱ አይተን ነው ደንቡን ያወጣነው» አለን። እውነቱን ነው። እኛም በመዳፏ ላይ የነበረው ምን እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ቀለም መሆኑን እንጂ ሌላውን አላየሁም» አለ። አባቷ የወንዞቹን ነገር በነገረው ጊዜ መምህሩ ጥቂት ዝም አለና «ያን ትምህርት ያስተማርኋት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም «ደንቡን ብቻዬን ልሽረው አልችልም፤ ልጅቱን ግን እኔ ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ» አለን። በማግሥቱም ወደ ቤቷ ሄደ፤ እርሷም ተመለሰች። ያለፋትን ፈተና የሚመልስላት ግን አልተገኘም።

በዚያ አገር ሴቶች ከወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባሉ። ወርቅ አጣቢዋ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጭቃው እጅን ያቈሽሻል ብላ አትደፋውም፤ በገበቴ እያሽከረከረች፣ ውኃ እየጨመረች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። መምህርም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌም ይህንኑ ያስተምረናል፤ ንፍጡን መጥረግ የወላጅና የመምህር ሥራ ነው፤ ስለ ንፍጡ ብሎ ልጁን ማባረር ግን ፍቅር አይደለም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የምታወጡትን ደንብ ከነምክንያቱ ለልጆቹና ለወላጆች አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ከመቅጣታችሁም በፊት በልጁ እጅ ላይ ያለው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከተማሪ ቤት ስትባረር በቤት ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጆችም ሆይ፣ ሥርዓትን አክብሩ፤ ሥርዓት ቢከብዳችሁም ጸጋችሁን አትቅበሩት፤ መክሊቱን የቀበረ ባሪያ እንደ ተወቀሰ አትርሱ። ለባስልኤል ጥበብን ያደለ ልዑል እግዚአብሔር ለመምህራን አስተዋይ ዓይን፣ ለልጆች የማይሰበር ልብ ይስጥልን። አሜን።