አሮጌው ታሪክ በአዲስ ልብስ

ዲዝኒ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 «አንበሳው ንጉሥ» የተሰኘውን በእጅ የተሣለ ፊልም ለቤተሰብ አቀረበ። በ2019 ያንኑ ታሪክ በኮምፒዩተር ዳግመኛ ሠርቶ፣ ሥዕሎቹን እውነተኛ አንበሶች አስመስሎ አሳየ። አባቱ የሞተበት ደቦል ሲምባ ከአገሩ ይሸሻል፤ ማንነቱን ይዘነጋል፤ በኋላም የአባቱን ድምፅ ሰምቶ ወደ ኃላፊነቱ ይመለሳል።

ታዲያ የቆየውን ታሪክ እንደገና መሥራት ተገቢ ነውን? ብዙ ተቺዎች የአዲሶቹ አንበሶች ቁመና ቢያምርም ሐዘንና ደስታ ከፊታቸው አይነበብም ሲሉ ነቅፈዋል። ሠሪዎቹ ግን አንድ ነገር ጠብቀዋል፤ በሁለቱም ፊልሞች የአባትየውን የሙፋሳን ድምፅ የሰጠው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ሥዕሉ ሲለወጥ የአባት ድምፅ አልተለወጠም።

በአዲሎም ሆነ በሆሳዕና አያት በምድጃ ዳር ተረት ስትደግም ቃሉን ትለዋውጣለች፤ ማንም አይነቅፋትም። ፍጻሜውን ብትለውጥ ግን ሕፃኑ «እንዲህ አልነበረም!» ይላታል። ስለዚህ ማደስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ልብሱን አሳምሮ ልቡን መጣል ነው።

ይሁን እንጂ ሕፃኑ «አባቱ ለምን ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅ አያት ትመልስለታለች፤ ፊልም ግን አይመልስም። ልጆቻችንን ከቴሌቪዥን ፊት ትተን ከሄድን፣ አሮጌውም ሆነ አዲሱ ፊልም ያው ነው፤ ጥያቄያቸው ያለ መልስ ይቀራል።

እንግዲህ ወላጆችና ካቴኪስቶች ሆይ፣ የትኛው ይሻላል ብለን ከመከራከራችን በፊት አብረናቸው እንቀመጥ።