ስለ እንቅልፍና ስለ ቤት ውስጥ ፍትሕ

ሰው ሀብታምም ቢሆን ድኻ፥ ሹምም ቢሆን ተራ፥ በቀንና በሌሊት የተሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መሬት ሊገዛ፥ ቤት ሊያሠራ፥ መኪና ሊለውጥ ይችላል፤ በቀኑ ላይ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ በጊዜ ረገድ ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ሲባል እንሰማለን። ነገሩን ጠለቅ አድርገን ስንመረምረው ግን ይህ አነጋገር በሙሉ እውነት ሆኖ አይገኝም። ለራሱ ሰዓት መጨመር የማይችል ሰው ከሌላው ሰዓት ሊወስድ ይችላልና። ሳይታወቅና ሳይከሰስ ከሚወሰደውም ሁሉ የሚበልጠው የእንቅልፍ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ለአንባቢ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ጠግቦ መተኛቱ የግል ጉዳዩ ነውን? ወይስ ከሚስቱ፥ ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ያለው የፍትሕ ጉዳይ ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የገዛ ቤቴ ነው። እኔ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ለብዙ ዓመታት በጊዜ በመተኛቴና በጊዜ በመነሣቴ እመካ ነበር። ወጣት የሥራ ጓደኞቼ እያዛጉ ሲመጡ ስለ ሥርዓት ያለው ኑሮ እመክራቸው ነበር። አንድ ሌሊት ግን ጥም ቀስቅሶኝ ብነሣ ከወጥ ቤት መብራት አየሁ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በእኛ ሰፈር በምሽት የኤሌክትሪኩ ኃይል ስለሚደክም ምጣዱ በደንብ የሚግለው ሰው ሲተኛ ነው። ባለቤቴ በአንድ በኩል እንጀራ ትጋግራለች፤ እንጀራው እስኪበስል ድረስ ደግሞ በጕልበቷ ላይ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ታርማለች። «ምነው እስካሁን አልተኛሽም?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ብተኛ ማን ይሠራዋል?» አለችኝ። ቃሏ የቁጣ አልነበረም፤ በእውነት መልስ የምትፈልግበት ጥያቄ ነበር። እኔም መልስ ስላልነበረኝ ውሃዬን ጠጥቼ ተመለስሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ወረቀት አንሥቼ የሁለታችንን ቀን እንደ ሒሳብ ሹም ቈጠርሁት። ለሥራ 8 ሰዓት፥ ለምሳ 1 ሰዓት፥ ለመንገድ 2 ሰዓት፥ በድምሩ 11 ሰዓት ለሁለታችንም እኩል ይሄዳል፤ የሚቀረው 13 ነው። ከዚህ ውስጥ ለመታጠብ፥ ለመልበስና እራት ለመብላት ለእያንዳንዳችን 1 ሰዓት ይወጣል። ከቀረው 12 ሰዓት እርስዋ ለምግብ ሥራ 3፥ ለልጆችና ለቤት ጽዳት 2፥ ወረቀት ለማረም 1፥ ማለዳ ቁርስና ምሳ ዕቃ ለማዘጋጀት 1 ሰዓት ታወጣለች፤ ለእንቅልፍ የሚተርፋት 5 ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ 8 ሰዓት ተኝቼ 4 ሰዓት ይተርፈኛል። ያን 4 ሰዓት ወሬ በመስማትና ስልክ በማገላበጥ አሳልፈው ነበር። እንግዲህ የተመካሁበት ሥርዓት ያለው ኑሮ በማን ገንዘብ ተገዝቶ እንደ ነበረ ወረቀቱ ነገረኝ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ለአምስት ሰዓትና ለስምንት ሰዓት እንቅልፍ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን እንቅልፍ እንደ ሽቶ ወይም እንደ ጌጥ ለትርፍ የተሰጠ ነገር አይደለም። የእንቅልፍን ነገር የሚያጠኑ ሐኪሞች ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት፥ ለጐረምሳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንደሚያስፈልግ ይመክራሉ። ሰው በቀን የተማረው ነገር በአእምሮው የሚጸናው ተኝቶ ሳለ ነው። ነቅተን በቈየን መጠን አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጐላችን ውስጥ እየተከማቸ ያደክመናል፤ ቡና ድካሙን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 17 ሰዓት ሳይተኛ የቈየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይተዋል። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት የተነሣች ሴት 17ኛውን ሰዓት የምትሞላው ከምሽቱ በ4 ሰዓት ነው። እኔ ወደ አልጋዬ ስሄድ እርስዋ የፈላውን ድስት የምታወርደው በዚያ ሰዓት ነበር።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ከትጋት የሚነሣ ነው። አባቶቻችን በዶሮ ጩኸት የሚነሣውን ሰው አመሰገኑ፥ የተኛውን ነቀፉ እንጂ እንቅልፍን መብት ነው አላሉም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለዋዜማ ማኅሌት የሚቆመው ካህን፥ በሽተኛ የምትጠብቀው አስታማሚ፥ ድንበር የሚጠብቀው ወታደር ንቃታቸው የተከበረ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚነቁለትን ነገር ያውቁታል፤ ሌላውም ያውቅላቸዋል፤ ተራቸውም ሲደርስ ተተኪ ይመጣላቸዋል። በወጥ ቤት የሚነቃው ሰው ግን ተተኪ የለውም፤ ምስጋናም የለውም። ተራ የሌለው ዘብ ትጋት ሳይሆን ቅጣት ነው።

ሁለተኛው ከፍቅር የሚነሣ ነው። «እርስዋ እኮ ወዳ ነው የምታደርገው» ይባላል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ወዶ ሰጠ የሚባለው አልሰጥም ለማለት ሲችል ነው። ባለቤቴ አንድ ምሽት ሥራውን ትታ ብትተኛ ልጆቹ በነጋታው ምሳ ሳይዙ ይሄዳሉ፤ ነውሩም የሚቈጠረው በእርስዋ ላይ እንጂ በእኔ ላይ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ስጦታ ብሎ መጥራት ባለዕዳው ዕዳውን እንዳይከፍል የሚያገኘው ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከገንዘብ የሚነሣ ነው። «ሠራተኛ ቅጠር፥ ነገሩ ያልቃል» ይላሉ። ነገር ግን ነገሩ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አያልቅም። ከገጠር የመጣችው ልጅ ቀን ሠርታ ማታ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ የእራቱ ዕቃ ሳይታጠብ ይጠብቃታል፤ ማለዳም ከሁሉ በፊት የምትነሣው እርስዋ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራን ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ግን በደንብ እንዲወሰን ለይቶ አቈይቶታል። ስለዚህ ከደጃፋችን ወደ ውስጥ ያለው ዳኛ ሕሊናችን ነው። ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የሚሠራ ፍትሕ ደግሞ የሰውን እውነተኛ ጠባይ ይገልጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወረቀቱ በሽታውን እንዳሳየኝ መድኃኒቱንም አሳይቶኛል። ከእኔ 4 ትርፍ ሰዓት 2ቱን ብሰጥ ባለቤቴ 7 ሰዓት ትተኛለች፤ እኔም 8 ሰዓት ተኝቼ 2 ሰዓት ይቀረኛል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አሁን ሽንኩርት የምከትፈው፥ ዕቃ የማጥበው፥ ልጆቹን የማስጠናው እኔ ነኝ። ቁሌቱን ቅዳሜ ለሳምንቱ አብስለን እናስቀምጣለን፤ እንጀራውንም በእሑድና በረቡዕ እንጋግራለን። መጀመሪያ ላይ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ያደርጋል ያሉ ዘመዶች ነበሩ። የቀረበላቸውን ወጥ በልተው ከወደዱት በኋላ ነገሩን ቀስ በቀስ ትተውታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፥ አንዲት ሴት ያጐበጠው ሥራ ለአራት ሰዎች ሲከፈል የምሽት ጨዋታ ሆነ። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን፥ በማግሥቱ ሊጠየቅ የሚችለውን ነገር ለመጠየቅ በሌሊት ወደ በታች ሠራተኛ ስልክ የሚደውል ሹም፥ በማያየው ቤት ውስጥ የማያውቀውን ሰው እንቅልፍ እንደሚወስድ ቢያስብ መልካም ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከሌላው የተሻልሁ መስዬ ለመታየት አይደለም። ከትዳራችን የመጀመሪያ ዓመታት በሌሊት 3 ሰዓት እየቈጠርሁ የወሰድሁትን ልመልሰው አልችልም፤ የተወሰደ እንቅልፍ እንደ ገንዘብ ተቈጥሮ አይመለስምና። ልሰጥ የምችለው የሚመጣውን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ አንድ ነገር ብቻ አስተውል። በቤትህ መብራቱን በመጨረሻ የሚያጠፋውና በማለዳ አስቀድሞ የሚያበራው ሰው ማን ነው? ሁለቱም ሁልጊዜ አንድ ሰው ሆኖ ካገኘኸው፥ የተኛህበት እንቅልፍ ሁሉ ያንተ አልነበረም።