ሻዩ ለማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሻችሁ የምታዘጋጁትን የሻይ ፕሮግራም አስቡት። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቆሎ ይዞራል፣ ጊታር የሚችል ይጫወታል። አንድ የሰፈራችሁን ልጅ «ና፣ ሻይ እንጠጣ» ብላችሁ ጋብዛችሁታል። ልጁ ጠጥቶና ስቆ፣ ስለ እምነት አንዲት ቃል ሳይናገር ቢሄድና ዳግመኛ ባይመጣ፣ ፕሮግራሙ ከሽፏል ትላላችሁ?

ብዙዎቻችን «አዎን» ለማለት እንቸኩላለን። ምክንያታችንም ክፉ አይደለም፤ ወንጌል የምሥራች ከሆነ የምንወደው ሰው እንዲሰማው እንፈልጋለን። ነገር ግን ሻዩ ማባበያ ብቻ ከሆነ፣ የጋበዝነው ልጁን ሳይሆን በእርሱ የሚሞላውን ቁጥር ነው። ፈላስፋው ካንት ሰውን የሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ ማድረግ ስሕተት ነው ብሎ ያስተማረው ለዚህም ይሠራል፤ ዓላማው መንፈሳዊ መሆኑ በደሉን አያጠፋውም።

ከጣርማ በር ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ድረስ ያለው ጎረቤታችን ይህን በተግባር ያውቀዋል። በይፋት ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ ለብቻ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳ ሲጠራ ኅሊናውም አብሮ ይከበራል ማለት ነው። እኛ ቁጥራችን ጥቂት የሆነው ከዚህ ወግ ብናንስ ያሳፍረናል።

ጌታስ እንዴት አደረገ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ዐሥር ለምጻሞች ተፈወሱ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ጌታ ስለ ዘጠኙ ጠየቀ፤ አለመመለሳቸው ግድ ብሎታል። ፈውሳቸውን ግን አልወሰደባቸውም። መልካምነቱ ለዘጠኙም እውነተኛ ነበር።

«ታዲያ ስለ ጌታ ዝም እንበል?» ትሉኝ ይሆናል። የለም፤ እምነትን ደብቆ መጋበዝም ያው ማታለል ነው። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መገናኘት ጀመሩ። አዳራሽም ድምፅ ማጉያም አልነበራቸውም። መሪዎች በታሰሩበት በዚያ ዘመን አንድን ሰው ወደ ቤት መጥራት የራስን ነፃነት በእጁ ማስቀመጥ ነበር። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ለዕድገቱ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሰው በሰው ሳይተማመን ግን ያ ኅብረት አንድ ሳምንት እንኳ ባልቆመ ነበር።

ስለዚህ ስትጋብዙ ሁሉን ግለጡ፦ «ሻይ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስም አጭር ክፍል ይነበባል፤ ደስ ካለህ ና።» አውቆ የመጣ ሰው በነፃነት ይቀመጣል፤ ልጠይቅ ቢል ይጠይቃል፣ ዝም ልበል ቢልም ዝምታው አይቆጠርበትም።

የፍቅራችሁ ፈተና ግን ቅዳሜ ላይ አይደለም። ያ ልጅ ሳይመለስ ቀርቶ ሰኞ መንገድ ላይ ስታገኙት ሰላምታችሁ እንደ ጣርማ በር ጉም ከቀዘቀዘበት፣ ሻዩ ለእርሱ አልነበረም። ቆማችሁ የእናቱን ጤና ከጠየቃችሁለት ግን ለእርሱ ነበር።