«እዚህ ማን አለህ?»



የአጎቴ ልጅ የጉንደ ወይን ልጅ ነው። ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ልጁ በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቆ ያለ ሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ላወጣው አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሦስት ጊዜ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መጣ። መጀመሪያ «የትምህርት ማስረጃህን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘህ በአካል ተመዝገብ» ተብሎ፣ ቀጥሎ ለጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻ ለቃለ መጠይቅ። የመጓጓዣውን ገንዘብ እናቱ በግ ሸጠው ነው የሰጡት።

በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣ። በቃለ መጠይቁ ዕለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ከቀኑ 9 ሰዓት ተጠራ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ከስልኩ ቀና አላለም። ስለ ሒሳብ የጠየቀው የለም። «የየት አገር ልጅ ነህ? እዚህ ማን አለህ?» አሉት። «ማንም የለኝም» አለ። «እንደውልልሃለን» ብለው አሰናበቱት፤ የደወለለት ግን የለም። በወሩ ሄጄ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሳይ፣ የተለጠፈው በጽሑፍ ፈተናው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ያልነበረ ሰው ስም ነበር።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ «ስሙን አይተው ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ በደል የለም አልልም። ነገር ግን ያን ቀን ከጎኑ ተቀምጦ የዋለው የደብረ ወርቅ ክርስቲያን ልጅም ያው ጥያቄ ተጠይቆ፣ በዚያው መልስ ተሸኝቷል። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ሰው የሌላቸው መሆኑ ነው።

ውጤቱን በስልክ ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ የምታውቀው ሰው የለም?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አለ። ስልኬን ከፍቼ ስሙንም አግኝቼው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ቅጽበት ነው።

ሙስሊሞች ሆይ! የመድየኗን ልጅ ታሪክ አስታውሱ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከፊርዐውን ሸሽቶ መድየን ሲደርስ ዘመድ የሌለው እንግዳ ነበር። ሱረቱል ቀሰስ እንደሚነግረን፣ ልጅቷ አባቷ እንዲቀጥረው ስትመክር ያነሳችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ብርታቱንና ታማኝነቱን። የማን ልጅ እንደሆነ ነገሬ አላለችውም።

መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትከፈት የካዕባ ቁልፍ በዑስማን ኢብኑ ጦልሓ እጅ ነበር። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የቅርብ ዘመዶች ቁልፉ ለእነሱ እንዲሰጥ ፈልገው እንደነበር ሙፈሲሮች ያወሳሉ። ቁልፉ ግን ለዑስማን ተመለሰ። አማናን ለባለቤቱ ስለመመለስ የሚያዘውን የሱረቱ ኒሳእ 58ኛ አንቀጽም ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ሥራ አማና ነው! ለማይገባው ሰው መስጠት አማናን ማጉደል ነው፤ በቡኻሪ የተዘገበ ሐዲስም ይህን ከቂያማ ምልክቶች ይቆጥረዋል።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቀ ጊዜስ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይወዱት ነበር፤ ግን አልሾሙትም። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ለዚህ ኃላፊነት አቅሙ እንደማይበቃና ሹመት አማና እንደሆነ ፊት ለፊት ነገሩት። ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ የተከለከለ ሰው እንኳ ምክንያቱን የማወቅ ሐቅ አለው ማለት ነው። «እንደውልልሃለን» ብሎ ዝም ማለት ከየት የመጣ ሱና ነው?

የአገሩም ሕግ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በሃይማኖቱ፣ በትውልዱ ወይም በሀብቱ ልዩነት ሊደረግበት እንደማይገባ ይደነግጋል። የጎደለው አላህን የሚፈራ ጠያቂ ነው።

ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት እኛም በሱቃችንና በድርጅታችን እንኖርበታለን። ማስታወቂያ ለጥፈን፣ የሰው ልጅ አመላልሰን፣ ቦታውን ለእህታችን ልጅ የምንሰጥ ስንቶች ነን? ቦታው አስቀድሞ ተይዞ ከሆነ ምስኪኑን ለምን የእናቱን በግ እናሸጠዋለን? ይህ ዙልም ነው፤ የተበዳይ ዱዓ ደግሞ መጋረጃ የለውም!

ምልጃ ሁሉ ሐራም ነው አልልም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ መልካሙን ምልጃ ከመጥፎው ለይቶታል። ስለማውቀው ልጅ ብቃት በእውነት መመስከር መልካም ነው፤ ሌላው ተፈትኖ ያገኘውን ቦታ ለእሱ ማስነጠቅ ግን ያው በእሱ ላይ የተሠራው በደል ነው።

ስለዚህ አልደወልኩም። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እንደተቀየመኝ አውቃለሁ። ሥራም እስካሁን አላገኘም። እናንተ በጠያቂነት የምትቀመጡ ወንድሞችና እህቶች! በሚቀጥለው ጊዜ በሩን ከፍቶ የሚገባው እሱ ሊሆን ይችላልና ስለ ሙያው ጠይቁት። ነገ እናንተም አስታራቂ በሌለበት፣ «ማን አለህ?» የሚለው በማይሠራበት ችሎት ፊት ትቆማላችሁ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።