አቻ የወጣ ሰው ፈሪ ነው?

ቼዝ የሚወዱ ጓደኞቼ «ለማሸነፍ ያልተጫወተ ፈሪ ነው» ይላሉ። ለእኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ በአንድ ጨዋታ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ጋሪ ካስፓሮቭ ከ1985 ጀምሮ የያዘውን ዘውድ ሊያስጠብቅ ከቭላድሚር ክራምኒክ ጋር ተቀመጠ። በመጀመሪያው ጨዋታ ካስፓሮቭ ነጭ ይዞ በሩይ ሎፔዝ ከፈተ። ክራምኒክ ደግሞ በዚያ ደረጃ እምብዛም የማይታየውን የበርሊን መከላከያ አመጣ። ገና በ8ኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ተበላሉ። የጥቁሩ ንጉሥ መሀል ላይ ቀረ፤ ካስሊንግ የማድረግ መብቱም አበቃ። ሁለት ወታደሮቹ አንድ መስመር ላይ ተደራረቡ። ላየው ሰው ቦታው አያምርም። ግን የካስፓሮቭ ትልቁ መሣሪያ፣ ማጥቃቱ፣ ከንግሥቶቹ ጋር አብሮ ደበዘዘ። 25 እርምጃ ተጫውተው አቻ ወጡ።

ክራምኒክ በዚያ ውድድር በርሊንን አራት ጊዜ ተጫወተ፤ አራቱም አቻ። ሁለት ሌሎች ጨዋታዎችን አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዘውዱን ወሰደ።

«ታዲያ ለራሱ ጥቅም ነው እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ነው። በጥቁር አቻ መውጣት ጥሩ ውጤት ነው። ግን ጥቅምን ማሰብና ፈሪነት አንድ አይደሉም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ? ክራምኒክ ራሱ ከፈለ። የማያምር ቦታ ወስዶ፣ በየእርምጃው እየተጠነቀቀ ቆየበት።

ሰሌዳው ገና ሙሉ እያለ ተጨባብጠው የሚነሱ ተጫዋቾችም አሉ። ወረቀቱ ላይ ውጤቱ ያው ግማሽ ግማሽ ነጥብ ነው። እዚህ ጋ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፦ ሊያይ የመጣው ተመልካች፣ ወይም ከኋላ ሆኖ በነጥብ የሚከተላቸው ተወዳዳሪ።

ከቼዝ ውጭም ያው ነው። ሶፍትዌር ስለምሠራ አውቀዋለሁ፤ ሲስተሙ እንዳይወድቅ ሲታገል ያደረ ሰው ጠዋት የሚያሳየው አዲስ ነገር የለውም። «ምን ሠራህ?» ቢባል መልሱ «ምንም አልተበላሸም» ነው። እሱ አቻ ወጥቷል፤ የከፈለውም በእንቅልፉ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብሎ የሚያልፈውም አቻ አውጥቷል። የእሱን ሂሳብ ግን የሚከፍለው የተበደለው ነው።

ፈሪ የምለው ይሄኛውን ነው።